ዳማን ሽንት ማስለመድ፦ 4ኛ ፎቅ ላይ የተያዘ ማስታወሻ

ነሐሴ 3

ቡችላችን ዳማ ዛሬ ማታ ቤት ገባ። ዕድሜው 8 ሳምንት ገደማ ነው። እናቱ ከኮንዶሚኒየማችን ጥበቃዎች ቤት ጀርባ፣ አጥር ሥር ነው የወለደችው። ወንድ ነው፣ ቡናማ። ስሙን እማዬ አወጣችለት። አባቷ የሚወዱት ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ቤት ውስጥ ማደሩን ግን አልወደደችውም። “ልጄ፣ ውሻ ደጅ ነው የሚያምርበት” አለችኝ። እኛ ደግሞ ደጅ የለንም። 4ኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም።

እኔና ባለቤቴ ሥራ እንውላለን። ልጄ 10 ዓመቱ ነው፣ ትምህርት እስኪከፈት ቤት ይውላል። እማዬ ሁሌም አለች፣ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አትችልም። ትናንት የመጀመሪያውን ክትባት ሲወጋ ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮናል፦ ክትባቱ እስኪያልቅ መሬት እንዳይረግጥ። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ቡችላ ይገድላል። ግቢያችን ደግሞ የሰፈር ውሾች መመላለሻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ በረንዳ ላይ እናስለምደዋለን። ክትባቱ ሲያልቅ ወደ ታች እናወርደዋለን።

ነሐሴ 4

ወለል ላይ 11 ጊዜ ሸና። ካካ 3 ጊዜ። ሁሉንም የወለወልኩት በበረኪና ነው። አንዱ ላይ ሽንቱ ሳይደርቅ በረኪናውን በቀጥታ ደፋሁበት። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዛም ጋዝ ይወጣል። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር። መስኮት ከፍተን ወጣን። ከዛሬ ጀምሮ ለዚህ ሥራ በረኪና አልነካም።

ነሐሴ 6

ትናንት እንጨት ቤት ሄጄ የመኝታ ሳጥን አሠራሁለት። 1 ሜትር በ70 ሳንቲ፣ ፊቱ ፍርግርግ። 1,800 ብር። ሲያድግም ይሆነዋል ብዬ አስፍቼ ነው ያሠራሁት። ስህተት ነበር። ውሻ የሚተኛበት ላይ መሽናት አይወድም፣ ሳጥኑም የሚሠራው ለዚህ ነው። 1 ሜትር ሲሆን ግን አንዱ ጥግ ላይ ይሸናል፣ ሌላው ጥግ ላይ ይተኛል። ሌሊቱን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ከዚያው ቤት የችፑድ ቁራጭ በ60 ብር ገዝቼ መሀሉን ጋረድኩት። ተነሥቶ መቆም፣ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት እስኪችል ድረስ ብቻ ተውኩለት። ሲያድግ ችፑዱን ወደ ኋላ እገፋዋለሁ።

ሐኪሙ የነገረኝ ስሌት፦ የወር ዕድሜው ላይ 1 ደምር፣ ያን ያህል ሰዓት ቢይዝ ነው። የ2 ወር ቡችላ 3 ሰዓት ማለት ነው። ይህም ተኝቶ ከሆነ። ነቅቶ ሲጫወት 30 ደቂቃም አይቆይም። የስልኬን ማንቂያ ሌሊት 5፣ 8 እና 11 ሰዓት ላይ ሞላሁት። የ8ቱ የባለቤቴ ነው።

ነሐሴ 7

የበረንዳው ሳጥን ተጀመረ። 80 በ60 ሳንቲ የእንጨት ፍሬም፣ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ፣ ላዩ ላይ ሳር። ሳሩን ልጄ ውሾች ከማይደርሱበት በማጭድ አጭዶ አመጣው። ከላይ ሸራ ወጠርን፣ የነሐሴ ዝናብ ያለ ሸራ አያስቆምም።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። 3ኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ናቸው። የኛ በረንዳ ውኃ መውረጃ የሚፈሰው እሳቸው ልብስ በሚያሰጡበት በኩል ነው። ላስቲኩን ማዕዘኑ ላይ ቀድጄው ኖሮ ዝናቡ ሽንቱን ይዞ ወርዶባቸዋል። ነጭ ነጠላ ነው የተበላሸባቸው። ይቅርታ ጠይቄ ነጠላውን ወስጄ አጠብኩት። ልክ ናቸው።

ማታ አፈረስኩት። አዲስ ላስቲክ ከጎን እስከ ላይ አጥፌ ቸነከርኩ። ከሥር 5 ሳንቲ ሰጋቱራ፣ ላዩ ላይ ሳር። ሰጋቱራ እንጨት ቤቱ በማዳበሪያ 30 ብር ይሸጣል። ሽንቱን ይመጥጠዋል፣ ሽታም ይቀንሳል። በየ3 ቀኑ ይቀየራል።

ነሐሴ 9

ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን መጻፍ አለበት።

ትናንት ምንጣፉ ላይ ሸና። እማዬ “አፍንጫውን አስነክተሽ ቆንጠጥ አድርጊው፣ እኛ ቤት እንዲህ ነበር” አለች። ደክሞኝ ነበር። አደረግኩት። ጮኸ።

ዛሬ ሳሎን ውስጥ አንድም ጊዜ ፊቴ አልሸናም። ለግማሽ ቀን ደስ አለኝ። ከዚያ ሶፋውን ስንስብ ከጀርባው 3 ቦታ አገኘን። በረንዳ ላይም እኔ አጠገቡ ከቆምኩ አይሸናም። ቁጭ ብሎ ያየኛል። ዞር ስል ወደ ቤት ይገባና መጋረጃው ሥር ይሸናል።

ቤት ውስጥ መሽናት ክልክል መሆኑን አልተማረም። የተማረው እኔ ባለሁበት መሽናት አደጋ መሆኑን ነው። አሁን ሳሩ ላይ ሲሸና አይቼ ልሸልመው ስፈልግ አያሳየኝም። በአንድ ቁንጥጫ የሥራውን ዋና መሣሪያ አጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት ውስጥ ማንም እጁን አያነሣበትም። ለእማዬም ነገርኳት። ዝም አለች።

ነሐሴ 12

ደብተር ከጀመርን 3 ቀን ሆነ። 3 ዓምድ አለው፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ከምን በኋላ። የሚሞላው ልጄ ነው። እንዲህ ይላል፦

“3፡10፣ ሳሎን፣ ከእንቅልፍ ሲነሣ።
3፡45፣ በረንዳ ሳር፣ ከበላ በኋላ።
4፡05፣ ኮሪደር፣ ኳስ ስንጫወት።”

ቀላል ነገር ነው፣ ብዙ ያሳያል። በ3 ቀን ከተመዘገቡት 26 የወለል ሽንቶች 19ኙ ከ3 ነገር በኋላ ናቸው፦ ከእንቅልፍ እንደተነሣ፣ ከበላ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ እና ጨዋታ መሀል። ስለዚህ እስኪሸና መጠበቅ ቀረ። ዓይኑን እንደገለጠ ታቅፎ ወደ ሳሩ። ሳህኑን እንደጨረሰ ወደ ሳሩ። ኳስ በየ10 ደቂቃው ይቆማል፣ ወደ ሳሩ።

ምግቡም በሰዓት ሆነ፦ ጠዋት 1፣ ቀን 6፣ ማታ 12 ሰዓት። ሳህኑ 15 ደቂቃ ቆይቶ ይነሣል። ውኃ ግን እስከ ማታ 2 ሰዓት አይከለከልም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። ከሰዓት ጀምሮ ታች ጅራፍ ይጮሃል፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ ፎቅ ለፎቅ ይዞራሉ። ጅራፉ ሲጮህ ዳማ በረንዳ ላይ ነበር። ሮጦ ገብቶ አልጋ ሥር ተደበቀ፣ እዚያው ሸና። ማታ በረንዳ አልወጣም አለ።

ሽልማትም ችግር ሆኗል። ፍልሰታ ስለሆነ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ዝግ ነው። ቅቅል ካሮት ሞከርኩ፣ አሽትቶ ተወው። እንቁላል ቀቀልኩለት። እማዬ የጾም ድስት እንዳይነካ ለዳማ ለብቻ ትንሽ ድስት ለየችለት። እንቁላሉን በጥፍር መጠን ቆራርጬ በረንዳው በር ላይ፣ ከዚያ ደፉ ላይ፣ ከዚያ ሳሩ ላይ አስቀመጥኩ። 40 ደቂቃ ፈጀ። ወጣ።

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ፣ ሳምባ ተገኘ። ግማሽ ኪሎ ቀቅዬ፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ ከትፌ፣ በምድጃ አደረቅኩት። ለ10 ቀን ይበቃል።

ሽልማት የሚሰጠው ሽንቱ ባለቀ በ2 ሰከንድ ውስጥ፣ እዚያው ሳሩ ላይ ነው። እስከ ትናንት ኩሽና ገብቼ ነበር የምሰጠው። ለካ የምሸልመው ወደ ኩሽና መሮጡን ነው። ጀምሮ ሳይጨርስ ወደ ኩሽና ይከንፍ ነበር፣ የቀረውን ኮሪደር ላይ ይለቀዋል። አሁን ሳምባው በረንዳ መስኮት ላይ በቆርቆሮ ተቀምጧል።

እኔን እንዳይፈራ የምቆመው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። በጎን እያየሁት። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ሸና። እማዬ ከውስጥ “ሽሽሽ” አለችው፣ ሕፃን ስታሸና እንደምትለው። ቃላችን ይሁን ብለናል። ሲሸና ብቻ ነው የሚባለው፣ በሌላ ጊዜ አይባልም።

ነሐሴ 22

ወለል ላይ በቀን ወደ 4 ወረደ። ግን 4ቱም የሚሆኑት በዚያው በቀድሞ ቦታቸው ነው። እኛ ሽታ የለም እንላለን፣ ለሱ ግን አለ።

የሰፈራችን ባለሱቅ የሐሰት ብር የሚለይበት ሐምራዊ መብራት አለው። ለአንድ ሌሊት አዋሰኝ። ሁሉንም መብራት አጥፍተን፣ መጋረጃ ዘግተን፣ እኔና ልጄ በጉልበታችን ሳሎኑን ዞርን። የደረቀ ሽንት በዚያ መብራት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። 9 ቦታ። የሶፋው እግር ከታች እስከ ግማሽ። የመጋረጃው ጠርዝ እንደ ጥልፍ ተከትሎ። እኔ 3 ጊዜ “አጽድቻለሁ” ያልኩት የምንጣፍ ማዕዘን እንደ ሳህን ክብ ሆኖ ሲታይ ልጄ “እማ፣ አልወጣም!” አለኝ። በጠመኔ ከበብናቸው። የልብስ ሳሙና የፈሰሰበትም ያበራል፣ ግን እሱ ሰማያዊ ነጭ ነው። በዚያ ይለያል።

አጸዳዱ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ፣ አለመፈግፈግ። ቀጥሎ ፓኬቱ ላይ ኢንዛይም እንዳለበት የተጻፈ የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ 1 እጅ ዱቄት በ9 እጅ ለብ ያለ ውኃ። 20 ደቂቃ ይቆይና በውኃ ይጠረጋል። በመጨረሻ አቼቶና ውኃ እኩል በእኩል። የሽታውን ምንጭ የሚፈጨው ኢንዛይሙ ነው። አቼቶ ብቻውን ሞክሬው ነበር፣ በቂ አልሆነም። ሳሎኑ ሴራሚክ ስለሆነ ቀላል ነው። ኮሪደሩ ግን ሊሾ ነው፣ ሲሚንቶው ጠጥቶታል። 3 ጊዜ መድገም አስፈለገ። ምንጣፉን አጥቤ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት።

ነሐሴ 30

ሁለተኛ ክትባት። በሳምንቱ ውስጥ ወለል ላይ 5 ጊዜ ብቻ። የሌሊት 5 ሰዓቱን ማንቂያ አጠፋን።

መስከረም 1

ቤቱን ለበዓል አዘጋጀን። ልጄ በጠዋት አደይና ቄጤማ ገዝቶ መጣ። እማዬ ቄጤማውን ሳሎኑ ውስጥ ከበሩ እስከ ረከቦቱ ጎዘጎዘች። ቤቱ ሸተተ፣ ደስ አለን። ዳማን ከሳጥኑ አወጣነው። ቀጥ ብሎ ሄደ። መሀል ሳሎን፣ ቄጤማው ላይ፣ ተረጋግቶ ሸና። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ፣ ጅራቱን እየቆላ። ሳምባውን እየጠበቀ ነው።

እንግዶቹ ደነገጡ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ይህ ቡችላ አልተሳሳተም። አንድ ወር ሙሉ እግሩ ሳር ሲነካ ሽና አልኩት፣ ሲሸና ሸለምኩት። እሱ በረንዳ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ሳር ነው። ቡችሎች በዚህ ዕድሜ የሚሸኑበትን መሬት በእግራቸው ስሜት ነው የሚለዩት። ከሳር ጋር አጣብቄ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ በየበዓሉና በየቡናው ሳር የሚጎዘጎዝበት ቤት ውስጥ።

ሳልቆጣው ሳምባውን ሰጠሁት። ባለቤቴ “ሳሎን ውስጥ ሸልመሽው?” አለኝ። ዕዳውን ከፈልኩ እንጂ ምን አደረግኩ? ቄጤማውን ጠቅልለን አወጣን። እማዬ ያለ ጉዝጓዝ ቡና አፈላች። ለሷ ቀላል አይደለም። “ግድ የለም፣ ይልመድ” አለች። ነሐሴ ላይ ያላለችውን።

መስከረም 3

ሌላ ጣጣ። ከእንግዶቹ አንዱ በፍቅር እንጀራ በዶሮ ወጥ ፈትፍቶ ሰጥቶታል። ሌሊቱን ተቅማጥ። ሳጥኑ ውስጥም። የዶሮ ወጥ ቁሌት ማለት ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። አጥንቱም ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል። ሐኪም ጋ ወሰድነው። ድዱን አየለት፣ አልነጣም። የበላው ትንሽ ስለነበር ተረፈ። ምርመራና መድኃኒት 950 ብር። 2 ቀን ሩዝና ቅቅል ዶሮ ያለ ጨው።

ተቅማጥ የያዘው ቡችላ መያዝ አይችልም። የ5 ሰዓቱ ማንቂያ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ዳማ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

መስከረም 5

ሳሩን በአፈር መቀየር። በአንዴ አልቀየርኩም። መጀመሪያ ሩብ አፈርና አሸዋ፣ በ2ኛው ቀን ግማሽ፣ ከዚያ ሳሩ ጠፋ። ግማሹ ላይ አንድ ቀን አልሸና ብሎ ዞረ። የሸናበትን ሰጋቱራ ጭብጥ ወስጄ አፈሩ ላይ በተንኩለት። አሽትቶ ሸና።

መስከረም 12

ባለቤቴ ማታ ሲገባ ብቻ የሚሆን ነገር አለ። ዳማ ይሮጣል፣ ጆሮውን ያጥፋል፣ ይለጠፋል፣ ሽንቱን ጠብ ጠብ ያደርጋል። ደብተሩ ላይ 8 ጊዜ ተጽፏል፣ 8ቱም በር ላይ። ይህ ፊኛው ሞልቶ አይደለም። ደስታና ፍርሃት የተቀላቀለበት ነው፣ ራሱ አያውቀውም። ቁጣ ያባብሰዋል።

ባለቤቴ ረጅም ነው፣ በላዩ ጎንበስ ብሎ ራሱን ይዳብሰው ነበር። አሁን ሲገባ አያየውም። ጫማውን ያወልቃል፣ ይቀመጣል፣ ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ እጁን ዝቅ ያደርጋል። ዳማ ራሱ ይመጣል። አገጩን ከታች ያክለታል። ከ5 ቀን በኋላ ቆመ።

መስከረም 23

ሦስተኛ ክትባት፣ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር። 3ቱም ተደምረው 2,700 ብር። ሐኪሙ አንድ ሳምንት ቆይታችሁ አውርዱት ብሏል። ከሳምንቱ 2 ጊዜ ብቻ ነው የተሳሳተው፣ ሁለቱም ቀን ልጄ ትምህርት ቤት ገብቶ እማዬ ብቻዋን ስትሆን። የቀን 6 ሰዓቱን አሁን የምትይዘው እሷ ነች። “ሲዞር ሲዞር ካየሁት በሩን እከፍትለታለሁ” አለች። ምልክቱን ከሁላችን ቀድማ ነው የምታየው።

ጥቅምት 1

ወረደ። ማሰሪያ 400 ብር። ታች 25 ደቂቃ ቆመን አሸተተ፣ አልሸናም። 72 ደረጃ ወጣን፣ በረንዳው ሳጥን ላይ ሸና።

ጥቅምት 2

በእግሩ ሲወርድ 2ኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ለቀቀው። በውኃና በሳሙና አጠብኩ። ጠዋት ታቅፎ ነው መውረድ ያለበት። 8 ኪሎ ሆኗል፣ ባለቤቴ ይሸከመዋል።

ጥቅምት 4

የበረንዳውን አፈር በፌስታል ይዤ ወረድኩ። ከአጥሩ ጥግ፣ ሰው ከማያልፍበት፣ ደፋሁት። አሸተተ፣ ዞረ፣ ሸና። “ሽሽሽ” አልኩት። ሳምባ። እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ጥቅምት 10

ታች እየያዘ ማቆየት ጀመረ። ከደብተሩ ነው የገባኝ። እንደሸና ወደ ላይ እመልሰዋለሁ፣ ስለዚህ መሽናት ማለት ውጭው አለቀ ማለት ሆኖበታል። ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩ። መጀመሪያ ሽንት፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ዙረት። ካልሸና ዙረት የለም። በ3 ቀን ተስተካከለ።

ጥቅምት 13

ካዛንቺስ አካባቢ ከሚሸጥ ሰው ትንሽ ቃጭል በ150 ብር ገዛሁ። በረንዳው በር ላይ፣ በአፍንጫው ልክ አንጠለጠልኩት። ጉበት ቀባሁት። ሲልሰው ይጮሃል፣ ሲጮህ በሩን እከፍታለሁ። ከመውጣታችን በፊት ሁልጊዜ።

ጥቅምት 22

ራሱ ደወለ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ 14 ጊዜ ደወለ። ወፍ ለማየትም ይደውላል። ስለዚህ ሲደውል ቀጥታ የበረንዳው ሳጥን ላይ ይወሰዳል፣ 3 ደቂቃ፣ ጨዋታ የለም። ካልሸና ይመለሳል።

ጥቅምት 28

ወጪ እስካሁን፦ ሳጥን ከነችፑዱ 1,860፣ የበረንዳው ፍሬም፣ ላስቲክና ሸራ 1,150፣ ሰጋቱራ 600፣ ሳሙናና አቼቶ 720፣ ሳምባ 1,300፣ ክትባት 2,700፣ የተቅማጡ 950፣ ማሰሪያና ቃጭል 550። በድምሩ 9,830 ብር። የእትዬ ነጠላ ስላልጠራ አዲስ ገዝቼላቸዋለሁ፣ እሱን እዚህ አልደመርኩትም።

ወለሉ ከደረቀ 17 ቀኑ ነው። ምንጣፉ ግን ገና ቁም ሣጥን ላይ ነው፣ 30 ቀን እስኪሞላ አይወርድም።

ትናንት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቃጭሉ ጮኸ። ማንቂያ አልነበረም። ስነሣ የበረንዳው በር ተከፍቷል። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ፣ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ውጭ ያካፋል። “ሽሽሽ” ትለዋለች በቀስታ። በሌላ እጇ የሳምባውን ቆርቆሮ ይዛለች።